የውጭ አገር እጩ መኰንኖችን ስለ ማስተማር
(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን አርእስት በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈበት ቀን ጀምሮ ብዙ ጓደኞቻችን በመንገድ እያስቆሙ «የወታደር ነገር ለተማሪ ምኑ ነው?» ሲሉ ጠይቀውናል። አንዳንዶቹም «እናንተ ደግሞ የራሳችን ትምህርት ቤት ችግር አልቆ ነው የሰው አገር እጩ መኰንን የምታስተምሩት?» ብለው ቀልደውብናል። ቀልዱን በደስታ ተቀብለነዋል፤ ጥያቄውን ግን ሳንመልስ ልናልፈው አንፈልግም።

መልሳችንም ይህ ነው። መሣሪያ የያዘውን ሰው ማን እንዳስተማረው፥ ምን ብሎ እንዳስተማረው፥ ተምሮም ወዴት እንደሚመለስ ማወቅ፥ ከባለ መሣሪያው ይልቅ መሣሪያ ለሌለው ሰው ያስፈልገዋል። የአፍሪካና የእስያ መንግሥታት ታሪክ ባለፉት ሰባና ሰማንያ ዓመታት ውስጥ የተጻፈው በፓርላማ አዳራሽ ብቻ አይደለም። የብዙዎቹ ታሪክ በወጣትነታቸው በባዕድ አገር የሰልፍ ሜዳ ላይ በቆሙ ሰዎች እጅ ጭምር ተጽፏል። ስለዚህ ነገሩ የወታደር ነገር ብቻ ሳይሆን የዜጋ ነገር ነው፤ የዜጋም ነገር ከሆነ የእኛም ነው።

በዚህ ንግግር የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን፤ የብዙ አገሮችን ነገር ስለምናነሣ አንዱን አቆጣጠር መያዝ ይሻላል ብለን ነው።

አስቀድመን እጩ መኰንን ምን እንደሚማር እንመልከት። በማለዳ መለከት ይነሣል፤ አልጋውን ያነጥፋል፤ ጫማውን ይወለውላል፤ በሰልፍ ይሄዳል። የካርታ ንባብ፥ ተኩስ፥ የጦር ስልት፥ የጦር ታሪክና የጦር ሕግ ይማራል። ይህ ሁሉ በመጽሐፍ የተጻፈ ነው፤ የትም አገር ቢኬድ ብዙ አይለያይም። ነገር ግን በመጽሐፍ ያልተጻፈ ሌላ ትምህርት አለ። መኰንኑ የሚበላው ከወታደሩ በፊት ነው ወይስ በኋላ? አዛዥ ሲሳሳት የበታቹ ምን ያደርጋል? ወታደር በሲቪል ባለሥልጣን ፊት እንዴት ይቆማል? መንግሥት ሲያጠፋ የመኰንን ፋንታው ምንድን ነው? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚገኘው ከመምህራኑ አኗኗር፥ ከምግብ አዳራሹ ጭውውት፥ ከጓደኞች ጠባይ ነው። ከባዕድ አገር የመጣው እጩ መኰንን ወደ አገሩ ይዞት የሚመለሰው ዋናው ዕቃ ይህ ነው፤ በጉምሩክም አይፈተሽም።

እንግዲህ አንድ አገር በገዛ ገንዘቡና በገዛ መኰንኖቹ የሚያስተዳድረውን የጦር ትምህርት ቤት ስለ ምን ለሰው ልጅ ይከፍታል? ምክንያቱን በሦስት ከፍለን ልናየው እንችላለን። አንደኛው ወዳጅነት ነው፤ ዛሬ አብሮ ጭቃ ላይ የተንከባለለ ወጣት ነገ የአገሩ ኤታማዦር ሹም ቢሆን በስልክ ሊያነጋግሩት ይቀላል። ሁለተኛው ጥቅም ነው፤ በአንዱ አገር መሣሪያ የለመደ ሠራዊት መለዋወጫውንም ከዚያው ይገዛል። ሦስተኛው ደግሞ ክብር ነው፤ ሰው ልጁን እንዲያስተምሩለት የሚልክባት አገር ታላቅ አገር ትባላለችና። ከነዚህ ምክንያቶች አንዱም ኃጢአት አይደለም። ሆኖም ላኪውም ተቀባዩም ምክንያቱን በግልጽ ቢያውቁት ይሻላል እንላለን።

ለምሳሌ ያህል የምንወስደው በሰሜን ህንድ በሂማላያ ተራሮች ግርጌ የሚገኘውን የዴራዱንን የጦር አካደሚ ነው። ይህን የመረጥንበት ምክንያት ታሪኩ ከራሳችን ታሪክ ጋር ስለሚገናኝ ነው።

እንግሊዞች ህንድን በሚገዙበት ዘመን ህንዳዊ ወታደር እንጂ ህንዳዊ መኰንን በነሱ ማዕርግ አይፈልጉም ነበር። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጨረሻ ከ1918 ጀምሮ ግን በእንግሊዝ አገር በሳንድኸርስት ትምህርት ቤት በየዓመቱ አሥር ቦታ ለህንዳውያን ተፈቀደ። ያን ለሚያህል ሕዝብ አሥር ቦታ! የህንድ ምሁራንና የፖለቲካ ሰዎች «በገዛ አገራችን ትምህርት ቤት ይከፈትልን» እያሉ ለብዙ ጊዜ ከጠየቁ በኋላ በ1932 የዴራዱን አካደሚ በአርባ ተማሪዎች ተከፈተ። በምረቃው በዓል ላይ ጠቅላይ አዛዡ ፊልድ ማርሻል ቼትዉድ ያደረጉት ንግግር ፍሬ ነገር እስከ ዛሬ በዚያ ይነገራል፤ ይኸውም ለመኰንን የመጀመሪያው አገሩ፥ ሁለተኛው የሚያዛቸው ወታደሮች፥ የመጨረሻው ራሱ ነው የሚል ነው።

ከነዚያ ከአርባዎቹ መካከል ሦስቱን እናንሣ። አንዱ ሳም ማኔክሾ ናቸው፤ በ1971 ጦርነት ጊዜ የህንድ ጦር አዛዥ ነበሩ፤ ኋላም ፊልድ ማርሻል ሆኑ። ሁለተኛው ሞሐመድ ሙሳ ናቸው፤ ፓኪስታንና ህንድ በ1965 ሲዋጉ የፓኪስታን ጦር አዛዥ እሳቸው ነበሩ። ሦስተኛው ስሚዝ ደን ናቸው፤ በርማ በ1948 ነፃነትዋን ስታገኝ የጦርዋ አዛዥ ሆኑ። ከአንድ ክፍል፥ በአንድ ዓመት፥ የሦስት አገር ጦር አዛዥ ወጣ። ከሦስቱ አገሮች ሁለቱ ደግሞ እርስ በርሳቸው ጦር ተማዘዙ።

ይህን ታሪክ ስናነብ ሁለት ነገር ተገንዝበናል። የመጀመሪያው፥ አብሮ መማር ጦርነትን አያስቀርም። በ1947 ህንድና ፓኪስታን ሲለያዩ በአንድ ጣራ ሥር የነበሩት ተማሪዎች ተከፋፍለው ገሚሶቹ ወደ ፓኪስታን ሄዱ፤ ብዙ ወር ሳይቆይም በካሽሚር ምክንያት ሁለቱ ሠራዊቶች ተዋጉ። ሁለተኛው፥ የበርማው ስሚዝ ደን ዕጣ ነው። እሳቸው የካረን ጐሣ ተወላጅ ነበሩ። በ1949 ካረኖች በመንግሥት ላይ ሲነሡ ከአዛዥነታቸው ተነሡ፤ በቦታቸውም ኔ ዊን ተተኩ። ኔ ዊን ደግሞ የተማሩት ሌላ ዘንድ ነበር፤ በ1941 ጃፓኖች በድብቅ ወስደው ካሠለጠኗቸው ሠላሳ የበርማ ወጣቶች አንዱ ናቸው። የነዚያ የሠላሳው ወጣቶች መሪ አውን ሳን በ1945 ጦራቸውን ይዘው በአስተማሪዎቻቸው በጃፓኖች ላይ ተነሡ። ኔ ዊንም በ1962 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ይዘው አገሪቱን ለብዙ ዓመታት ገዙ። «ያስተማርሁት የኔ ነው» የሚል መንግሥት ካለ የበርማን ታሪክ ቢያነብ ይጠቅመዋል።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ኢትዮጵያ በዚህ ነገር ከጥንት ተማሪ ናት። ከኢጣልያ ወረራ በፊት ጥቂት ወጣቶች በፈረንሳይ አገር በሳን ሲር ተምረዋል። በ1935 መጀመሪያ የሆለታ ገነት የጦር ትምህርት ቤት በስዊድን መኰንኖች መምህርነት ተከፈተ፤ የቡድኑ መሪ ሻምበል ቪኪንግ ታም ነበር። ትምህርቱ ሳያልቅ ጦርነቱ መጣ። ከዚያው ትምህርት ቤት ወጣቶች የተወሰኑት በምዕራብ ኢትዮጵያ በጥቁር አንበሳ ማኅበር ውስጥ ገብተው ተዋግተዋል። ንጉሠ ነገሥቱ በስደት ከእንግሊዝ ወደ ካርቱም በመጡ ጊዜ ደግሞ በሶባ ለኢትዮጵያውያን ስደተኞች የጦር ትምህርት ተከፈተ፤ ኋላ ስማቸው የታወቀው መንግሥቱ ነዋይና አማን አንዶም ከዚያ ከተማሩት ውስጥ ናቸው።

ከነፃነት በኋላ የሆነው ግን ይበልጥ ሊታሰብበት ይገባል። ምድር ጦሩን በመጀመሪያ እንግሊዞች፥ በኋላም አሜሪካኖች አሠለጠኑት። ክብር ዘበኛውንና አየር ኃይሉን ስዊድኖች፥ ባሕር ኃይሉን ኖርዌዮች አስተማሩ። በሐረር የተከፈተውን አካደሚ ደግሞ ህንዶች ያዙት። አንድ ቤት ለመሥራት አምስት ግንበኛ ተቀጠረ፤ እያንዳንዱም በየራሱ ውሃ ልክ ለካ። ይህ የሆነው ባለማወቅ ብቻ አይደለም፤ ሁሉም ክፍል ለአንድ ወዳጅ ብቻ እንዳይገዛ ተብሎም ነው። በታኅሣሥ 1960 ግን የክብር ዘበኛው አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ነዋይና ወንድማቸው ገርማሜ መፈንቅለ መንግሥት ባነሡ ጊዜ፥ በአዲስ አበባ ከተማ ክብር ዘበኛው በአንድ ወገን፥ ምድር ጦሩና አየር ኃይሉ በሌላው ወገን ሆነው ተታኰሱ። የዚያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች መፈንቅለ መንግሥቱን ደግፈው ሰልፍ መውጣታቸውን ታውቃላችሁ።

ለዚህ ደም የውጭ አስተማሪዎችን መክሰስ ግፍ ነው። ጠቡ የተወለደው በገዛ ቤታችን ነው፤ የመሬት ጥያቄ፥ የድህነት ጥያቄ፥ የሥልጣን ጥያቄ ስዊድንም እንግሊዝም አላመጣውም። ቢሆንም በልዩ ልዩ ቋንቋና በልዩ ልዩ ልማድ የተማሩ መኰንኖች እርስ በርሳቸው እንደ ወንድም ሳይሆን እንደ ባላንጣ ለመተያየት ቅርብ መሆናቸውን መካድ አይቻልም።

የሐረሩን አካደሚ ነገር ነጥለን እንየው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ሲከፈት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን የጨረሱ ወጣቶች ገቡበት፤ ትምህርቱም ሦስት ዓመት ነበር። የመጀመሪያው አዛዥ የህንዱ ብርጋዴር ራውሊ ነበሩ። በሐረር ነገሩ ተገልብጦ ነበር ማለት ይቻላል፤ ባሕር የተሻገረው ተማሪው ሳይሆን መምህሩ ነውና። የሳንድኸርስት ሥርዓት ወደ ዴራዱን፥ የዴራዱን ሥርዓት ወደ ሐረር መጣ። በዚያው ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሒሳብና ሳይንስ ያስተምሩ የነበሩትን ህንዳውያን መምህራን አባቶቻችንና አያቶቻችን እስከ ዛሬ ያነሷቸዋል። የሐረር ተማሪ ከአገሩ ሳይወጣ፥ የእናቱን እንጀራ ሳይናፍቅ፥ የራሱን ወታደር ቋንቋ ሳይረሳ ተማረ። «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» የሚለውን ምሳሌ አባቶቻችን የተናገሩት ለእርሻ ነው፤ ለጦር ትምህርትም ይሠራል እንላለን። ይሁን እንጂ ምሳሌው እስከ መጨረሻው አያደርሰንም። ትንሽ አገር ሁሉን ዓይነት ትምህርት በገዛ አገሩ ሊከፍት አይችልም፤ ስለዚህ መላኩም መቀበሉም አይቀርም።

ከ1977 ወዲህ ደግሞ የአገራችን ፊት ወደ ሶቪየት ኅብረት ዞረ፤ መኰንኖቻችንም ወደዚያው ተላኩ። አስተማሪ መለወጥ ልማዳችን እንደ ሆነ ከዚህ ይታያል።

ኢትዮጵያ ተማሪ ብቻ ሳትሆን አስተማሪም ሆናለች። በ1958 የነፃ አፍሪካ መንግሥታት በአክራ በተሰበሰቡ ጊዜ መንግሥታችን ለሌሎች የአፍሪካ አገሮች ወጣቶች ነፃ የትምህርት ዕድል እንደሚሰጥ አስታወቀ። ከምሥራቅም ከምዕራብም አፍሪካ የመጡት ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ግቢ አብረው ኖሩ። እነዚህ ልጆች በአገራቸው የፓርቲና የነፃነት ትግል ወሬ ሲሰሙ ያደጉ ስለ ነበሩ፥ «በአገራችሁ ስለ ምን እንዲህ ሆነ?» እያሉ በመጠየቅ የኢትዮጵያን ተማሪዎች እንዳነቁ ታሪክ ጸሐፊዎች ይመሰክራሉ። እንግዳ ተማሪ ከመማር ይልቅ ማስተማሩ እንደሚበዛ ከዚህ እናያለን። የተቀበላቸው መንግሥት ይህን ያሰበ አይመስለንም።

በ1962 ደግሞ ከደቡብ አፍሪካ አንድ የሕግ ባለሙያ ወደ አዲስ አበባ መጡ። በኰልፌ በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሠፈር፥ በኰሎኔል ታደሰ ብሩ ኃላፊነት፥ ተኩስ፥ ፈንጂ ማፈንዳትና ረጅም የእግር ጉዞ ተማሩ። ትምህርቱ ስድስት ወር ሊሆን ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን ድርጅታቸው ቶሎ ተመለሱ ስላላቸው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አቋረጡት። በአገራቸው በነሐሴ ወር ተያዙ፤ በእስር ቤትም 27 ዓመት ኖሩ። እኚህ ሰው ኔልሰን ማንዴላ ናቸው። ኰልፌ የመኰንኖች አካደሚ እንዳልነበረ እናውቃለን፤ ነገር ግን ለአርእስታችን ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ አላገኘንም። ያ ሁሉ የተኩስ ትምህርት ለጦር ሜዳ ሳይውል ቀረ፤ ተማሪው ግን ከእስር ወጥተው ጠላቶቻቸውን በንግግር አሸነፉ። አስተማሪያቸው ታደሰ ብሩ በበኩላቸው ጄኔራል ከሆኑ በኋላ በ1975 በገዛ አገራቸው ተገደሉ። የተማሪንም የመምህርንም መጨረሻ የሚያውቅ ማነው?

አሁን የተቃዋሚዎቻችንን ቃል እንስማ። ከሁሉ የሚበረታው ክርክር እንዲህ የሚል ነው፤ «የባዕድ አካደሚ የሚያወጣው መፈንቅለ መንግሥት የሚያደርግ መኰንን ነው።» ማስረጃም አላቸው። የፓኪስታኑ አዩብ ኻን በ1928 ከሳንድኸርስት ወጡ፤ በ1958 የመንግሥቱን ሥልጣን ያዙ። የናይጄሪያው ሻለቃ ንዚዮግዉ የሳንድኸርስት ተማሪ ነበሩ፤ በጥር 1966 በተደረገው መፈንቅለ መንግሥት ዋና ተካፋይ ሆኑ፤ በዚያም ጠቅላይ ሚኒስትሩ አቡበከር ታፋዋ ባሌዋ ተገደሉ። በሚቀጥለው ወር በጋና የንክሩማህን መንግሥት ከገለበጡት መኰንኖች አንዱ አፍሪፋም ከዚያው ትምህርት ቤት የወጡ ናቸው። ከዌስት ፖይንት በ1946 የወጡት አናስታሲዮ ሶሞሳ ኒካራጓን በጨካኝነት ገዝተው በ1979 በሕዝብ ዐመፅ ተባረሩ።

ይህን ሁሉ እንቀበላለን። ዳሩ ግን ሌላውንም ወገን መቁጠር ፍትሕ ነው። የህንድ ጦር መኰንኖችም የተማሩት በዚያው በሳንድኸርስትና በዴራዱን ነበር፤ ህንድ ግን ነፃ ከወጣች ጀምሮ አንድም ቀን በወታደር አልተገዛችም። የፓኪስታንና የህንድ መኰንኖች መጽሐፍ አንድ፥ መምህር አንድ፥ የሰልፍ ሜዳቸውም አንድ ነበረ፤ ፍሬው ግን ተለያየ። ከዌስት ፖይንት በ1979 የወጡት የኮስታሪካው ሆሴ ማሪያ ፊጌሬስ ደግሞ ከ1994 እስከ 1998 ፕሬዚዳንት ሆነው ያገለገሉት ሠራዊት በሌላት አገር ነው፤ የአገሪቱን ሠራዊት በ1948 ያፈረሱት የገዛ አባታቸው ነበሩና። ስለዚህ የባዕድ ትምህርት ቤት ዘሩን ሊሰጥ ይችላል፤ የሚበቅለው ግን እንደ መሬቱ ነው። ፓርላማው፥ ፍርድ ቤቱ፥ ጋዜጣውና ፓርቲው በቆሙበት አገር የሳንድኸርስት ተማሪ ወታደር ሆኖ ይኖራል፤ እነዚያ በሌሉበት ግን ያው ተማሪ ራሱን ዳኛም ንጉሥም አድርጎ ያገኘዋል።

ይህን ስንል አስተማሪውን አገር ነፃ ማውጣታችን አይደለም። ተማሪው ወደ ምን ዓይነት መንግሥት እንደሚመለስ እያወቀ፥ ሰው መቆጣጠርን አስተምሮ ሕግ ማክበርን ያላስተማረ መንግሥት «እኔ ካርታ ንባብ እንጂ ግፍ አላስተማርሁም» ብሎ እጁን ሊታጠብ አይገባውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ «የዛሬው ተማሪ የነገ ጠላት ቢሆንስ?» የሚል ነው። ለዚህም ዴራዱን ራሱ ምሳሌ ይሰጠናል። በ1982 ከአፍጋኒስታን ወደዚያ ከመጡት እጩ መኰንኖች አንዱ ሼር ሞሐመድ አባስ ስታኒክዛይ ነበሩ። እኚህ ሰው በኋላ ከታሊባን መሪዎች አንዱ ሆኑ። ህንድ ከታሊባን ጋር ወዳጅነት አልነበራትም። ነሐሴ 2021 ካቡል በታሊባን እጅ ከወደቀች በኋላ ግን በዶሃ ከህንድ አምባሳደር ጋር ተገናኝተው የተነጋገሩት እኚሁ የዴራዱን የቀድሞ ተማሪ ነበሩ። በ2025 መጀመሪያ ደግሞ ሴቶች ልጆች ከትምህርት መከልከላቸውን በአደባባይ ተቃወሙ፤ ከዚያም ከአገር ወጡ። ይህን ቃል ያናገራቸው ዴራዱን ነው ልንል አንደፍርም። የምንለው ይህን ያህል ብቻ ነው፤ በሁለት ጠበኞች መካከል የተዘጋ በር ሲኖር፥ በወጣትነት አብሮ የተበላ ምግብ አንዳንድ ጊዜ ቀዳዳ ይሆናል።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ልባችንን ወደ ነካው ነገር ደርሰናል። በዚያው ነሐሴ 2021 በዴራዱንና በሌሎች የህንድ የጦር ትምህርት ቤቶች የአፍጋኒስታን እጩ መኰንኖች በትምህርት ላይ ነበሩ። በማለዳ መለከት ተነሥተው የተሰለፉለት መንግሥት በአንድ ቀን ጠፋ። ፕሬዚዳንታቸው ተሰደደ፤ ሊያገለግሉት የነበረው ሠራዊት ተበተነ፤ በደንብ ልብሳቸው ላይ የለጠፉት ባንዲራ ከአገራቸው ምሰሶ ወረደ። ቢመለሱ ሞት ሊጠብቃቸው ይችላል፤ ቢቀሩ ወታደር ሊሆኑለት የሚችሉት አገር የለም። በሚቀጥለው ዓመት ሰኔ ወር ከዴራዱን የተመረቁት አፍጋኖች ከሌሎቹ ጋር አብረው ተሰለፉ፤ የመጨረሻዋን ደረጃ ረግጠው አለፉ፤ ማዕርጋቸውን የሚቀበልላቸው መንግሥት ግን አልነበረም።

እኛ ይህን ታሪክ ስናነብ የመጣብን ሐሳብ የወታደር ሐሳብ አልነበረም። ተማሪ ነን። ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ወደ ውጭ ስለሚሄድ ጓደኛ እናስባለን፤ ደብዳቤ የሚጠብቅ ተማሪ፥ የአገሩን ወሬ በሬዲዮ ብቻ የሚሰማ ተማሪ ምን እንደሚሰማው ለመገመት ብዙ አያስቸግረንም። አገራችንም በ1974 መንግሥትዋ በተለወጠ ጊዜ፥ ዳግመኛም በ1991፥ በውጭ አገር ሲማሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን የላካቸው መንግሥት ጠፍቶባቸዋል። እንግዲህ «ይህ የሩቅ ሰው ጉዳይ ነው» ብለን ማለፍ አይሆንልንም።

ከዚህ ሁሉ ተነሥተን ለጉባኤው አራት ሐሳቦችን እናቀርባለን፤ አገራችን የምትልክም የምትቀበልም አገር ስለ ሆነች ሐሳቦቹ ለሁለቱም ወገን ይሆናሉ።

አንደኛ፥ ለውጭ አገር እጩ መኰንን የሚሰጠው ትምህርት ከአገሬው እጩ መኰንን ትምህርት ማነስ የለበትም። «እንግዳ ነው ይለፍ» ተብሎ በይሉኝታ የተመረቀ መኰንን የሚሳሳተው በሌላ አገር ወታደር ሕይወት ላይ ነው። ለእንግዳ የሚሰጥ ክብር በማዕድ ይሁን እንጂ በፈተና ወረቀት ላይ አይሁን።

ሁለተኛ፥ የጦር ሕግና የሕገ መንግሥት ትምህርት ከተኩስ እኩል ይቈጠር። ተማሪው የማይታዘዘው ትእዛዝ እንዳለ፥ እርሱም በሰላማዊ ሰው ላይ ግፍ እንዲሠራ የሚያዝዘው ትእዛዝ እንደ ሆነ፥ በግልጽ ይማር። ለዚህም የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ጦር ትምህርት ቤት፥ እጩ መኰንኖችም ወደ ዩኒቨርሲቲ ቢመላለሱ መልካም ነው። ወታደርና ተማሪ በሰልፍ ቀን ብቻ፥ እነሱ በመሣሪያ እኛ በመፈክር፥ ፊት ለፊት ባንተዋወቅ ይሻላል።

ሦስተኛ፥ ላኪው አገር መኰንኖቹን ወደ ብዙ አገሮች የሚበትን ከሆነ ሲመለሱ በአንድ ጣራ ሥር ሰብስቦ የሚያስማማ የራሱ ትምህርት ቤት ይኑረው። የ1960ው ደም ይህን ያስተምረናል። አምስት ግንበኛ የቀጠረ ባለቤት ቢያንስ የውሃ ልኩን ራሱ ይያዝ።

አራተኛና የመጨረሻው፥ አስተማሪ አገር የተቀበለውን ተማሪ እስከ መጨረሻ ይቀበለው። የላከው መንግሥት ቢወድቅ ተማሪው ዕቃውን ይዞ በር ላይ እንዳይቀር፥ ትምህርቱን እንዲጨርስ፥ ወደ ሲቪል ሙያም እንዲዛወር አስቀድሞ ውል ይግባለት። በሽማግሌ ልማዳችን የሰውን ልጅ ለማሳደግ የተቀበለ ሰው ወላጁ ሲሞት አያስወጣውም። መንግሥታት ከዚህ የገበሬ ሕግ ሊያንሱ አይገባም።

ውድ ጓደኞቻችን፤ ንግግራችንን ስንጀምር «የወታደር ነገር ለተማሪ ምኑ ነው?» የሚለውን ጥያቄ አንሥተን ነበር። ከአርባዎቹ የዴራዱን ተማሪዎች መካከል ማን የአገር አዛዥ እንደሚሆን፥ በኰልፌ ሜዳ ላይ ከሚያልቡት መካከል ማን የሕዝብ አባት እንደሚሆን መምህራኑ አያውቁም ነበር። ማወቅ የሚችሉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይኸውም ዛሬ በፊታቸው ለቆመው ወጣት ምን እንደሚነግሩት ነው። በዚህ አዳራሽ የተቀመጣችሁት መምህሮቻችንም ይህንኑ ታውቃላችሁ ብለን እናምናለን።

ተቃውሞ ያለው ጓደኛ ካለ አሁን ይነሣና ይናገር፤ ለመስማት ዝግጁ ነን።